ጳጉሜን የማያውቅ ካሜራ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ፎቶ የማነሳው በሕልሜ ነው። በሕልሜ ባትሪ አያልቅም፣ መብራት አይጠፋም፣ ሌንስ ላይ አቧራ አይቀመጥም። ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ የማላውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊቴ ይቆሙና «አየለች፣ እንግዲህ አንሺን» ይሉኛል። አነሳቸዋለሁ። አመስግነው ወደ ባሕር ዛፎቹ መሀል ይገባሉ። ስነቃ የቀኝ አመልካች ጣቴን ትንሽ ታጥፎ አገኘዋለሁ። ሐኪሙ የደም ዝውውር ነው ይላል፤ እኔ ግን ጣቴ የት እንዳደረ አውቃለሁ።

ያቆምኩት ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ነው። ደግሞም ዛሬ አምቦ ውስጥ ካሜራ የሌለው ሰው የለም፤ ሁሉም በኪሱ ይዞት ይዞራል። ገበያ የወጣች ሴት እንኳን ሽንኩርቱን ከመግዛቷ በፊት ታነሳዋለች። አልቀየምም። የማዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬ ሰው ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን አይይዝም። በኛ ጊዜ ይይዝ ነበር፤ ያንን የተያዘ ትንፋሽ እወደው ነበር።

ፎቶ አንሺ ከመሆኔ በፊት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን በታይፕ ድምፅ መሀል ፈጀሁ። ኮምፒዩተር መጣ፣ መዋቅር ተጠና፣ ስሜ ከወንበሬ ጋር ሳይገናኝ ቀረ። «መደብ አጥተሻል» አሉኝ። የመሰናበቻ ወረቀቴ ጉርድ ፎቶ ስለጠየቀ ከገበያው በስተጀርባ ወዳለችው ወደ ጋሽ ኩምሳ ስቱዲዮ ሄድኩ። ጋሽ ኩምሳ ለከተማው ሰው ሁሉ ኦቦ ኩምሳ ነው። ወላጆቼ ሲጋቡ ያነሳቸው እሱ ነበር፤ ከፎቶው ጀርባ ያለው የስቱዲዮው ማኅተም ዛሬም በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ይላል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ዲጂታል ካሜራ አስቀምጦ እንደ ታመመ በግ እያየው ነበር።

«አየሉ፣ አንቺ ቁልፍ መምታት ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አውቃለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ነይ ተቀመጪ። ፊልም የሚያጥብልኝ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተዘግቷል። ይሄ ደግሞ ቁልፉ ብዙ ነው፤ ለኔ ጣት አልሆነም።»

በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው ወደ ሙያው የገባሁት። ጊዜው በኛ አቆጣጠር 2006 ነበር። ልጁ ጫልቱ ኮምፒዩተሩን ትይዛለች፣ እኔ ካሜራውን፣ እሱ ደግሞ ሁለታችንንም።

ካሜራው የተገዛው ከሰው እጅ ነው። መመሪያ የሚሆነው መጽሐፍ ሦስታችንም በማናውቀው ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ጋሽ ኩምሳ ግን አልጣለውም፤ ሥዕሎቹን እያየ እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። የቻርጀሩ እግር ሶኬታችን ውስጥ ስለማይረጋ ክብሪት እንጨት እንጠቀጥቅበታለን። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን በመሀረብ አስሬ ጄኔሬተር ወዳለው ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፤ እዚያ ዱቄት በዱቄት ሆኜ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የወፍጮው ጉርምርምታ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ውስጥ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ እያየሁ ስንት ቀን እንደዋልኩ እግዜር ይወቀው። ብርሃን ክብደት እንዳለው የገባኝ እዚያ ነው።

ሚሞሪ ካርዱም ጉድ ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ሆዱ የሚይዘው ሌላ። ጉደር ላይ የአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን በሙሉ አንስቼ ስመለስ ርዕሰ መምህሩና ምክትሉ ብቻ ወጡ። የቀሩትን ካርዱ ውጦ ዝም አለ። በማግስቱ ተመልሼ ስሄድ አንዱ አስተማሪ «ትናንት ፀጉሬን ተስተካክዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ይኸው ነኝ» ብሎ ተቆጣኝ።

ጊንጪ ላይ ደግሞ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን አንድ የእህል ነጋዴ ቤተሰቡን እንዳነሳለት ጠራኝ። ዙሪያው እብቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌንስ ለመቀየር ግቢው መሀል ካሜራውን ከፈትኩት። ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ሰውየው ስቱዲዮ ድረስ መጣ። ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ «እትዬ፣ ይቺ ዝንብ ምን አድርገናት ነው ከቤተሰቤ የማትለየው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሚስቱ ግንባር፣ በእናቱ ነጠላ፣ በእሱ ኮት ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጣለች። እብቁ ከካሜራው ሆድ ገብቶ ተቀምጧል። ጋሽ ኩምሳ ያቺን ነጥብ በጫጩት ላባ ሲያወጣት ትንፋሹን እንደያዘ ነበር። ነጋዴው ግን ከዚያ ወዲያ ባገኘኝ ቁጥር «ዝንቧ ደህና ናት?» ይለኛል።

ነጭ ልብስም ያስቸግረኝ ነበር። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ይደነግጥና ሁሉንም ያጠቁረዋል። የመጀመሪያዎቹ የሰርግ ፎቶዎቼ ላይ ሚዜዎቹ ሁሉ አመድ ውስጥ የዋሉ ይመስላሉ። ጋሽ ኩምሳ አልተቆጣም። ደጅ አውጥቶኝ መዳፉን ፀሐይ ላይ ዘረጋና «ልብሱን አትመኚ። መዳፍሽን ዘርግተሽ ብርሃኑን በሱ ለኪ፤ መዳፍ የሁሉም ሰው አንድ ነው» አለኝ። ካሜራውን መዳፉ ላይ አነጣጥሬ ለካሁ፤ ከዚያ ትንሽ ብርሃን ጨመርኩ። ነጠላው ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንሳቴ በፊት መዳፌን እዘረጋለሁ፤ ባኮ ላይ ምጽዋት የምለምን መስሏት ሳንቲም ያስቀመጠችልኝ ሴት አለች።

ጋሽ ኩምሳ ሰው ሲገባ ካሜራ አይነካም። ወንበር ይሰጣል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ዝናቡ እንዴት እንደከረመ ይጠይቃል፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፣ ወይም በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ። እያወራ የሚያየው እጅን ነው። «ፊት መዋሸት ይችላል፤ እጅ ግን አልተማረም» ይለኝ ነበር። የገበሬ እጅ ጉልበት ላይ ካልተቀመጠ አይረጋም፤ የነጋዴ እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እጁ ሲረጋ አንድ ጊዜ ያነሳና «በቃ፣ አለቀ» ይላል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ፊቱ የራሱ ፊት ይሆናል። ያኔ ቀስ ብሎ ሁለተኛውን ያነሳል። ለደንበኛው የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው።

ዲጂታል ሲመጣ ይህ ዘዴ ተበላሸ። «አለቀ» ስንል ሰው ሁሉ ተነስቶ «እስቲ አሳዪኝ» እያለ ካሜራው ላይ ይረባረባል። ጋሽ ኩምሳ ሁለት ሳምንት ታገሠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስመጣ የካሜራው ስክሪን ላይ ቁስል የሚታሸግበት ፕላስተር ለጥፎበታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ታሟል በያቸው» አለ።

ለሁለት ዓመት ያህል እንደታመመ ቆየ። ደንበኞቻችን «እግዜር ይማረው» እያሉ ይወጡ ነበር።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ካሜራው ውስጥ ሰዓትና ቀን የምትጠብቅ ትንሽ ባትሪ ነበረች፤ እሷ ስለሞተች ትልቁን ባትሪ ባወጣሁ ቁጥር ካሜራው ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔም ፕላስተሩን ገለጥ አድርጌ እነግረዋለሁ። ዓመቱ 2007 ነው፤ ወሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉ በኛ። አንዳንዴ ይከራከረኛል፤ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ ጥቅምት ሠላሳን አልቀበልም አለ። ጳጉሜን ጭራሽ አላውቅም አለኝ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ብሞላለት ቁጥሩ ተመልሶ አንድ ይላል። እኔ «አይ አንተ፣ የሀገራችንን ክረምት ሳትጨርስ ልትሄድ ነው?» እያልኩ እስቅበት ነበር። ጋሽ ኩምሳም ይስቃል። በዚህ ከመሳቅ በቀር ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል።

በ2007 ኅዳር ላይ ሐሮ ወንጪ፣ ከወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ክርስትና ተጠራሁ። ቁልቁለቱን በፈረስ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሐይቁ ተኝቷል፤ የማዶውን ተራራ ከነዛፉ ገልብጦ ይዞታል። ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ያሻገረን ኦቦ ደበላ የሚባል ሽማግሌ ቀዛፊ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ሲቀዝፍ ውኃው ድምፅ አይሰጥም። ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ ወደ ታች ሳይ የምንሄደው በሰማይ ላይ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰላም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

ስንመለስ ሚስቱ አዴ ወርቄ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ካሜራዬን አየችና ክንዴን ያዘች።

«እህቴ፣ ይሄን ሰውዬ አንሺልኝ» አለች።

«እኔን ምን ታደርግልሻለች?» አለ ደበላ ከጀልባው ሳይወርድ። «ጀልባዋን አንሺ፤ እሷ ትሻላለች።»

«ተው አንተ! ፎቶ የሌለው ሰው ሲሞት ለቅሶው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ድንኳኑ መሀል ምን ይያዛል? ማንን አይተው ያለቅሳሉ?»

«ይኸውልሽ!» አለኝ ወደኔ ዞሮ። «ገና በቁሜ ልታለቅስብኝ ነው።»

«አዎ፣ ላለቅስብህ ነው። ሌላ ማን አለህ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በኛ አካባቢ ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ታትሞ ለቅሶ ላይ ይያዛል፤ ሚስት ወይም እኅት ከፍ አድርጋ ይዛው ስሙን እየጠራች፣ እያነጋገረችው ታለቅሳለች። ወርቄ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ባሏ ደግሞ ቀበሌ መታወቂያው ላይ ካለችው ጉርድ በቀር ፎቶ ተነስቶ አያውቅም።

ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ እንድትገባ ካሜራውን አግድም ይዤ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ለካሁ፤ አነሳሁ። «አለቀ» አልኩት። ትከሻው ወረደ። ሁለተኛውን ልጫን ስል ባትሪው በብርድ ሞተ። ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሳሞቀው፣ ደበላ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጠበቀኝ፤ ወርቄ «ካሜራሽም እንደኛ ይበርደዋል?» አለችኝ። ባትሪው ነቃ። ቀኑን ጠየቀኝ፤ ሞላሁለት። ሁለተኛውን አነሳሁ። ደበላ ካሜራውን ሳይሆን ከጎኔ የቆመችውን ሚስቱን ነበር የሚያየው። እስከዚያ ቀን ካነሳኋቸው ሁሉ የተሻለው እሱ እንደሆነ ያኔውኑ አውቄያለሁ።

«ለገና አምቦ እንመጣለን፤ በትልቁ ታትሚልናለሽ» አለችኝ ወርቄ። ደንበኛ ሳይመጣ አናትምም ነበር፤ ቀለሙ ውድ ነው። ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ካርዱን ለሌላ ሥራ አጸዳሁት። ገብሱ አልተሰበሰበም ብለው ለገና ሳይመጡ ቀሩ።

ኮምፒዩተሩም ከሰው እጅ የተገዛ ነው። የድሮ ባለቤቱ ዘፈን፣ ፊልም፣ የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ውስጡ ነበር፤ እየሞላ ሲያስቸግረን ጫልቱ አንድ ቀን ልታጸዳው ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ 2015 ይላል። ከፋይሎቹ መሀል ብዙዎቹ 2007 ይላሉ። ስምንት ዓመት ያለፋቸው የድሮው ባለቤት ዕቃዎች መሰሏት ሁሉንም መርጣ አጠፋቻቸው። የጠፋው ሁሉ የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረገችው። ኮምፒዩተሩ ፈጠነ። ሁላችንም ደስ አለን።

አዴ ወርቄ የመጣችው የካቲት ላይ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ስቱዲዮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች።

«ፎቶውን ልወስድ ነው» አለች። «አርባው ደርሷል።»

እጇን ሳምኩ፤ አለቀስኩ፤ ገባሁ። ፎልደሩን ፈለግሁ፤ የለም። ኅዳርን ፈለግሁ፤ የለም። ጥቅምትም የለም። ጫልቱ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ስክሪኑን አየች፣ የግድግዳውን የኛን ካላንደር አየች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ካሜራው ላይ ዓመቱን ስንት ብለሽ ነበር የሞላሽው?»

ነገሩ ያኔውኑ ለሁለታችንም ገባን። እኔ የሀገሬን ዘመን ሞላሁ፤ እሷ በኮምፒዩተሩ ዘመን ቆጠረች። ማንን ልውቀስ? ሌሎቹን ደንበኞች ይቅርታ ጠይቀን ደግመን ልናነሳቸው እንችላለን። ደበላን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ኩምሳ መነጽሩን አወለቀ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወጥቶ ከወርቄ ጎን ተቀመጠ። ካርዱ ተበላሸ፣ መብራት ጠፋ አላለም። «ነበረን፤ በስህተት አጥፍተነዋል። እኛ ነን» አላት በኦሮምኛ። ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ወርቄ አልጮኸችም። እጆቿን እያየች፣

«ታዲያ ማንን አይቼ ላልቅስ?» አለች።

እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስደነግጠኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለች መታወቂያ አወጣች። የደበላ ጉርድ ፎቶ የወጣትነቱ ነው፤ ግማሽ ፊቱ ላይ የቀበሌው ማኅተም ወርዶበታል። ጫልቱ እንባዋን እየጠረገች ቀኑን ሙሉ ሠራችበት። ማኅተሙን ፋቀች፣ አገጩን ገመተች፣ አንገቱ ስላልታየ ኮምፒዩተሩ ላይ ከነበሩት ተዘጋጅተው ከተቀመጡት ልብሶች ኮትና ከረባት አለበሰችው፤ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ አደረገች። ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ያደረግነው ነው፤ ደስ ብሏቸው ይወስዱት ነበር። ወርቄ ግን ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዛ ስታየው ስታየው ቆየችና፣

«ማነው ይሄ?» አለች።

«ኦቦ ደበላ ናቸው» አለቻት ጫልቱ በቀጭን ድምፅ።

«ልጄ፣ የኔ ባል ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም።»

በቁጣ አልነበረም። ፎቶውን በክብር መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ምርቃት ሰጥታን ወደ መናኸሪያው ሄደች። በአፈርኩበት ሥራ ሁሉ ውስጥ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

አርባው አለፈ። ከወንጪ ለገበያ የመጣ አንድ ባለ ፈረስ የሆነውን ነገረኝ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወርቄ ድንኳኑ መሀል ደርቃ ተቀምጣ ዋለች አለኝ። «ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንባ የላትም። ኀዘኑ ውስጧ ተቆልፏል ብለው ዘመዶቿ ፈርተዋል። እህል አትቀምስም፤ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ነው የምትውለው።»

በማግስቱ ጫልቱ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ አዲስ አበባ ሄደች፤ የጠፋ ነገር ከኮምፒዩተር ሆድ ያወጣል የተባለ ሰው ዘንድ። መንገድ አንዴ የሚከፈትበት አንዴ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ጊንጪ ላይ ግማሽ ቀን ቆማ ውላለች። እስክትመለስ ድረስ ጋሽ ኩምሳ አንድም ሰው አላነሳም። በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን ሰዎች እጅ ሲያይ ይውላል።

ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታም አይደል፣ ኀዘንም አይደል። የተገኘው የተሰባበረ ነው። የጠፉት ፎቶዎች ላይ ሌላ ነገር ተጽፎባቸዋል፤ የተረፈው የማላውቃት ሙሽራ ዘውድ ብቻ፣ የአንድ ግቢ ጣሪያ ብቻ። ከዚያ መሀል የደበላ ሁለተኛው ፎቶ ነበረ። ላዩ ደህና ነው፤ ሰማዩ፣ የማዶው ተራራ፣ ባርኔጣው፣ ግንባሩ፣ ሚስቱን የሚያዩት ዓይኖቹ። ከአፍንጫው በታች ግን የለም። አፉም፣ ደረቱም፣ እጁም፣ ጀልባውም የለም፤ እስከ ታች ድረስ ግራጫ ብቻ ነው።

«ከታች ያለውን እሞላዋለሁ» አለች ጫልቱ። «አፍ እሠራለታለሁ። የሌላ ቀዛፊ ደረት አምጥቼ፣ ጀልባም ከሌላ ፎቶ…»

እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ጋሽ ኩምሳ ግን እጁን አነሳ።

«አንድ ጊዜ የማታውቀውን ሰው ሰጠናት። አሁን ያለንን እንስጣት።»

«ግማሽ ፎቶ ይዘን እንሂድ?» አልኩት።

«ግማሽ ነው ብለን እንነግራታለን።»

በትልቁ ታተመ። ግራጫው ላይ ምንም አልነካንም። ለሰማንያው ጋሽ ኩምሳና እኔ ፎቶውን በነጠላ ጠቅልለን ወደ ወንጪ ሄድን፤ ቁልቁለቱን እሱ በፈረስ፣ እኔ በእግሬ። ፈረሱ ላይ ሆኖ «መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ፤ አንቺ ነሽ ያነሳሽው» አለኝ። እኔም ስለ ኮምፒዩተሩ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ተጻፈበት ነገር ሁሉ በኦሮምኛ እንዴት እንደማስረዳት መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ወረድኩ። እንዲያ ሆኜ እንኳን ሐይቁን ሳየው ደስ አለኝ፤ በዚህም ራሴን ታዘብኩት።

ወርቄ ከድንኳኑ ውስጥ በሴቶች መሀል ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስቷል። ነጠላውን ፈትቼ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ያሰላሰልኩትን ልናገር ስል ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ለረጅም ጊዜ ዓይኖቹን ብቻ አየች። ከአጠገቧ የተቀመጠች የደበላ እኅት ጎንበስ ብላ ግራጫው ላይ ጣቷን አደረገች።

«ከታች ምን ሆኖ ነው? የት ገብቶ ነው?» አለች፤ ወደኔ ዞራ አየችኝ።

ከኔ በፊት ወርቄ መለሰች።

«ሁሪ ነው፤ ጉም ነው እኮ» አለች፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟት። «ማለዳ ወደ ደሴቱ ሲሄድ እንዲህ ነበር። ጉሙ መጀመሪያ ጀልባዋን ይወስዳታል፤ ከዚያ እጁን፤ ከዚያ ደረቱን። እስከዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ዘወር ብሎ ያየኝ ነበር።»

ጣቷን ከአፍንጫው በታች፣ ፎቶው ከሚያልቅበት ላይ አሳረፈች።

«ደበላ» አለች። «ደበላኮ፣ ደበላዬ፣ እስከዚህ ድረስ አየሁህ።»

ተነሳች። ፎቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችና ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች።